ነጎድጓድ በአሸንዳ ላይ፦ የጥንቱን የእንግሊዝ ቴአትር ድምፆች አሠራር የሚያሳይ ዝርዝር መመሪያ

የሼክስፒር ማክቤዝ በንግግር አይጀምርም። በ1623 በታተመው ጽሑፍ ላይ መጀመሪያ የሚገኘው «ነጎድጓድና መብረቅ፤ ሦስት ጠንቋዮች ይገባሉ» የሚል የመድረክ ትእዛዝ ነው። ይህ ተውኔት በለንደኑ ግሎብ ቴአትር ሲታይ፣ ቤቱ መሐሉ ለሰማይ የተከፈተ፣ ሰዓቱም ከቀኑ 8 ሰዓት ገደማ ነበር። መብራት አጥፍቶ ሌሊት ማምጣት አይቻልም። ሌሊቱንም፣ ማዕበሉንም፣ ጦርነቱንም ተመልካቹ የሚያየው በጆሮው ነበር። (ዓመቶቹ ሁሉ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው፤ ሰዓቱ ግን በእኛው ነው።)

ይህ መመሪያ የተጻፈው የሼክስፒርን ተውኔቶች፣ የጸጋዬ ገብረ መድኅንን የአማርኛ ትርጉሞች ጨምሮ፣ በትምህርት ቤት ወይም በአማተር ቡድን ለሚያዘጋጁ ሰዎች ነው። የሚያስፈልገው ዕቃ ሁሉ ከአናጺና ከብረታ ብረት ቤት ይገኛል። በሼክስፒር ዘመን ያልነበረ፣ በኋላ የመጣ መሣሪያ ሲያጋጥም በስሙ ለይተን እንናገራለን።

ከሁሉ በፊት ቦታው

በዚያ ቴአትር ቤት ድምፅ ሦስት መኖሪያ ነበረው። ከመድረኩ በላይ በምሰሶዎች የተደገፈ ጣሪያ አለ፤ «ሰማያት» ይሉት ነበር፤ ነጎድጓድና መብረቅ ከዚያ ይወርዳል። ከመድረኩ ጀርባ ተዋንያን የሚለብሱበት ቤት አለ፤ የጦር ጩኸት፣ ደወል፣ የበር ኳኳታና መለከት ከዚያ ይመጣል። ከወለሉ በታች ደግሞ «ሲኦል» የሚባል ባዶ ክፍል አለ። የሐምሌት አባት መንፈስ «ማሉ!» እያለ የሚጮኸው ከዚያ ነው። በአንቶኒና ክሊዮፓትራ ውስጥ የነፋስ መሣሪያዎች ከወለሉ ሥር ይነፋሉ፤ መድረኩ ላይ ያሉት ወታደሮች ድምፁ ከአየር ነው ከመሬት በታች ነው እያሉ ይከራከራሉ። ደራሲው ይህን ክርክር የጻፈው ድምፁ በእርግጥ ከእግራቸው ሥር እንደሚመጣ እያወቀ ነው።

ስለዚህ አንድ ጣውላ ሳትቆርጡ አዳራሻችሁ ውስጥ ሦስቱን ቦታዎች ምልክት አድርጉ። ጣሪያው ሰው የማይችል ከሆነ የአሸንዳው (የነጎድጓድ ኳስ የሚንከባለልበት የእንጨት ቦይ) ቦታ የኋላው ሰገነት ወይም ከመጋረጃው ጀርባ የሚቆም 3 ሜትር ከፍታ ያለው ጠንካራ መደርደሪያ ይሁን። ሁሉንም ድምፅ ከአንድ ድምፅ ማጉያ ማውጣት ግን ሥራውን ከሥሩ ያፈርሰዋል። ነጎድጓዱም፣ መንፈሱም፣ በር አንኳኪውም አንድ ቦታ የቆመ አንድ ሰው ይመስላሉ።

የነጎድጓድ አሸንዳ

የሼክስፒር ዘመን ደራሲ የነበረው ቤን ጆንሰን በ1616 በታተመው የተውኔት መቅድሙ፣ ነጎድጓድ ነው ለማለት የሚንከባለል ኳስና ማዕበል የሚያውጅ ከበሮ የሚጠቀሙትን ጸሐፊዎች ይነቅፋል። ነቀፋው ለእኛ ትልቅ ውለታ ነው፤ ሁለቱም መሣሪያዎች በሥራ ላይ እንደነበሩ ያረጋግጥልናልና። የጣሊያኑ አርክቴክት ሰርሊዮም በ1545 ትልቅ የድንጋይ ኳስ ከላይ ባለው ወለል ላይ አንከባልሉ ብሎ ጽፏል፤ መጽሐፉ በ1611 ወደ እንግሊዝኛ ተተርጉሟል። ከዚያ በኋላ ደግሞ ኳሱ የሚሄድበት የእንጨት አሸንዳ ተለመደ። በ1766 በተከፈተው የብሪስቶል ቴአትር ጣሪያ ውስጥ እንዲህ ያለው አሸንዳ እስከ ዛሬ አለ።

አሠራሩ እንዲህ ነው። ርዝመቱ 5 ሜትር፣ የውስጥ ስፋቱ 25 ሳንቲ ሜትር፣ የግድግዳው ከፍታ 20 ሳንቲ ሜትር ይሁን። ጣውላው 4 ሳንቲ ሜትር ውፍረት ያለው ደረቅና ከባድ እንጨት ይሁን፤ ቺፕውድ ድምፅ ይውጣልና አይሆንም። ለኳስ የስፖርት አሎሎ ፈልጉ፦ የወንዶቹ 7.26 ኪሎ፣ የሴቶቹ 4 ኪሎ ነው። ሁለት ከባድና አንድ ቀላል ይበቃል።

1. የወለሉን ጣውላ እኩል ባልሆኑ አራት ቁራጮች ክፈሉት፦ 1.6 ሜትር፣ 0.9፣ 1.4 እና 1.1። እኩል ከሆኑ ኳሱ እንደ ሰዓት ይመታል፤ ሰማይ ደግሞ በምት አይጮኽም።

2. ቁራጮቹን በተርታ ስትገጥሙ እያንዳንዱ ከቀደመው 2 ሳንቲ ሜትር ዝቅ ብሎ ይጀምር። ሦስት ደረጃ ይሆናል። ኳሱ ከደረጃው ሲወድቅ የሚሰማው ምት የነጎድጓዱ ስንጥቅ ነው።

3. ጠቅላላ ዝቅታው፣ ደረጃዎቹን ጨምሮ፣ ከጫፍ እስከ ጫፍ 20 ሳንቲ ሜትር ይሁን። በዚህ ልክ ኳሱ ጉዞውን በ6 ወይም በ7 ሴኮንድ ይጨርሳል።

4. ግድግዳዎቹን ከውጭ በብሎን እሰሩ። ውስጡን በብርጭቆ ወረቀት አትፈግፍጉት፤ ሻካራው እንጨት ያጉረመርማል።

5. ላይኛው ጫፍ ላይ በሁለት ጎድጓዳ መስመር ውስጥ ወደ ላይ የሚነሣ መዝጊያ ሳንቃ አድርጉ። ኳሶቹ ከኋላው ይቆማሉ፤ በገመድ ሲነሣ ይለቀቃሉ። ለእያንዳንዱ ኳስ የየራሱ መዝጊያ ቢኖር ይመረጣል።

6. አሸንዳውን ከወለሉ ወይም ከጣሪያው ተሸካሚ እንጨቶች ጋር በቀጥታ በብሎን እሰሩት። በመካከል ጎማ፣ ጨርቅ ወይም ምንጣፍ እንዳይገባ።

የመጨረሻው ነጥብ ዋናው ምስጢር ነው። የሚጮኸው አሸንዳው ብቻ አይደለም፤ ንዝረቱ ወደ ተሸካሚው እንጨት ይሻገርና ቤቱ ራሱ ይጮኻል። ተመልካቹ በጆሮው ብቻ ሳይሆን በተቀመጠበት አግዳሚ ይሰማዋል። አሸንዳውን መሬት ላይ አድርገው «ደካማ ነው» የሚሉ ሰዎች አሸንዳው የሚያናውጠው ነገር ስላልሰጡት ነው። ኮንክሪት ወለል ላይ ከመሥራት ሌላ አማራጭ ከሌላችሁ ከሥሩ ባዶ የሆነ የእንጨት ሣጥን አድርጉለት።

የታችኛው ጫፍ ምርጫ ነው። ነጎድጓዱ በመብረቅ ምት እንዲያበቃ ከፈለጋችሁ ኳሱ በወፍራም የእንጨት ግድግዳ ላይ ይምታ። እየራቀ እንዲጠፋ ከፈለጋችሁ ጭድ የሞላ ጆንያ አስቀምጡለት።

ክብደቱን ቀላል አድርጋችሁ አትዩት። አሸንዳው ብቻውን ወደ 80 ኪሎ ይሆናል፤ ኳሶቹና ሁለት ሰዎች ሲጨመሩ 240 ኪሎ ይጠጋል። ጣሪያው ይህን ይችል እንደሆነ የሚያውቅ አናጺ ወይም መሐንዲስ ሳያይ አይወጣም። የአሸንዳው አናት በሽቦ መረብ ይሸፈን፤ ኳሱ በሚሄድበት ጊዜ ከሥሩ ማንም አይቁም።

ብዙ ጊዜ የሚበላሸው ነገር ተዳፋቱ ነው። ቶሎ ይንከባለል ብለው አሸንዳውን ከልክ በላይ ያዘቀዝቁታል፤ ኳሱ ከደረጃው ላይ ይዘልላል፣ ድምፁ በ3 ሴኮንድ ያልቃል፣ የሚሰማውም አንድ ከባድ ዕቃ ከደረጃ የወደቀ ያህል ነው። ሌላው ሁሉንም ኳስ በአንድ ጊዜ መልቀቅ ነው፤ እርስ በርስ ሲጋጩ የብረት ድምፅ ይወጣል፣ ሰማዩም ወደ ብረታ ብረት ቤት ይለወጣል። ቀላሉን መጀመሪያ ልቀቁ፤ ሁለተኛው ደረጃ ላይ ሲደርስ ከባዱን።

ከበሮው

ኳስ ብቻውን ጉልበት አለው፤ ርቀት ግን የለውም። ርቀትን የሚሰጠው ከበሮ ነው። በ1620 የታተመ አንድ ጽሑፍ ስለ ፎርቹን ቴአትር ሲናገር፣ ከበሮ መቺዎች በመልበሻው ቤት ነጎድጓድ ሲያሰሙ፣ 12 ፔንስ የሚከፈላቸው ቅጥረኞች ደግሞ በሰማያቱ ላይ መብረቅ ሲሠሩ ያሳያል። ሥራው በሁለት ፎቅ ተከፍሎ ነበር ማለት ነው።

ያገኛችሁትን ትልቁን ከበሮ ቆዳውን አላሉት፤ ነጋሪትም ይሆናል። የመምቻው ጫፍ በጨርቅ ይጠቅለል። ከቆዳው ጠርዝ በቀስታ ጀምራችሁ እያጠነከራችሁ ወደ መሐል ኑ። ቅደም ተከተሉ ከበሮ (ሩቅ)፣ ኳስ (በላያችን)፣ እንደገና ከበሮ (ሲያልፍ) ይሁን። ቆዳ ፀሐይ ሲመታው ይወጠርና ድምፁ ይቀጥናል፤ ርጥበት ሲያገኝ ይላላል። ትርኢቱ ከመጀመሩ ከግማሽ ሰዓት በፊት ፈትሹት።

አሁን ወደ ንጉሥ ሊር ማዕበል። በ1623 ጽሑፍ ውስጥ «ማዕበሉ እንደቀጠለ ነው» የሚለው ትእዛዝ ደጋግሞ ይመጣል፤ ስለዚህ ብዙ አዘጋጆች ሳያቋርጡ ይደበድባሉ፤ ሽማግሌው ንጉሥ የሚናገረው አይሰማም። መሆን ያለበት ሌላ ነው። ሊር ነጎድጓዱን ያዝዘዋል፣ ይሰድበዋል፣ ይለምነዋል። ስለዚህ ነጎድጓዱ ተናጋሪ ነው፤ ሲናገር ሊር ዝም ይላል፣ ሊር ሲናገር እርሱ ያዳምጣል። ጽሑፉን ይዛችሁ ሊር ትንፋሽ የሚወስድባቸውን ቦታዎች በእርሳስ አስምሩ፤ ትልቁ ምት እዚያ ይግባ። ከንግግሩ ሥር የሚቀረው በጣት ጫፍ የሚመታ ከበሮ ብቻ ይሁን። ይህን ከተዋናዩ ጋር ቢያንስ አምስት ጊዜ ሳትለማመዱ መድረክ ላይ አትውጡ።

መብረቅና መድፍ፦ የማንደግማቸው

መብረቁን የሚሠሩት የተፈጨ የጥድ ሙጫ በሻማ ነበልባል ውስጥ እየነፉ ነበር። ሰርሊዮ የገለጸው መሣሪያ ክዳኑ የተበሳሳ የዱቄት ሣጥን ሲሆን መሐሉ ላይ ሻማ ይቆማል፤ ሣጥኑ ወደ ላይ ሲወረወር ዱቄቱ በነበልባሉ አልፎ ቦግ ይላል። በገመድ ላይ የሚሮጥ ርችትም ነበር። ዛሬ በጨርቅና በእንጨት በተሞላ አዳራሽ ውስጥ ይህን መሞከር እብደት ነው። ጠንካራ የኤሌክትሪክ መብራት ለአፍታ ብልጭ አድርጉ፤ ነጎድጓዱ ከ1 እስከ 3 ሴኮንድ ዘግይቶ ይከተል። ማዕበሉ ሲቀርብ ክፍተቱን አጥብቡት፤ ተመልካቹ ሳይነገረው ይገባዋል።

መድፍ የሚተኮሰው አጫጭር የብረት ጽዋ በሚመስሉ፣ አፋቸው ወደ ላይ በሚያይ ቀለሃዎች ነበር። ባሩድ ይጨመራል፣ በወረቀት ወይም በጨርቅ ይወተፋል፣ ጥይት አይገባበትም። ግሎብን ያጠፋው ይህ ውታፍ ነው። ሰኔ 29 ቀን 1613 (ይህም በአውሮፓውያኑ) ግሎብ ውስጥ ስለ ንጉሥ ሄንሪ 8ኛ የሚተርክ ተውኔት ሲታይ፣ ንጉሡ ሲገባ መድፍ ተተኮሰ፤ የሚነድደው ውታፍ በሣር ክዳኑ ላይ አረፈ። ተመልካቹ ዓይኑ መድረኩ ላይ ስለነበር ጭሱን ንቆ ተወው። ቤቱ ከአንድ ሰዓት ባነሰ ጊዜ ወደመ። ሱሪው በእሳት የተያያዘበት አንድ ሰው በጠርሙስ ቢራ ጠፍቶለት ተረፈ። በ1614 እንደገና ሲሠራ ክዳኑ ሸክላ ሆነ። ከዚያም የከፋው በኅዳር 1587 የደረሰው ነው። የአድሚራሉ ቡድን በሚባለው የለንደን ተዋንያን ቡድን ትርኢት ላይ የተተኮሰ ጠመንጃ ጥይት ነበረበትና አንድ ሕፃንና አንዲት ነፍሰ ጡር ሴት ገደለ።

በምትኩ 1.5 ሜትር ርዝመትና 20 ሳንቲ ሜትር ስፋት ያለው ወፍራም ሳንቃ ወስዳችሁ አንዱን ጫፍ በእግር ርገጡ፤ ሌላውን ጫፍ በገመድ ወደ 60 ሳንቲ ሜትር አንሥታችሁ ልቀቁት። በእንጨት ወለል ላይ ጠፍጣፋ ሆኖ ሲያርፍ ጠመንጃ ነው። በዚያው ቅጽበት ትልቁ ከበሮ አንዴ ከተመታ መድፍ ይሆናል። ሳንቃው ከተጣመመ አየር ያመልጥና «ጧ» ማለቱ ይቀራል፤ ስለዚህ ቀጥ ያለውን ምረጡ። ሐምሌት የሚያበቃው በመድፍ ተኩስ ስለሆነ ሦስት ወይም አራት ምት በረጅም ዝምታ ለዩት።

ደወል፣ ኳኳታ፣ መለከት

በመጋቢት 1598 የአድሚራሉ ቡድን ዕቃ ሲቆጠር ሁለት የደወል ማማና አንድ የደወሎች ስብስብ ተመዝግቧል፤ ሦስት መለከትና አንድ ከበሮም በዚያው ወር ዝርዝር ውስጥ አሉ። የደወሉ ነገር አጭር ነው፦ የትምህርት ቤት ደወል አይሆንም፤ ከባድ ይሁን፣ ተሰቅሎ በእንጨት መዶሻ ይመታ። ለሰዓት በየ2 ሴኮንዱ እኩል ምቱ፤ በጁሊየስ ቄሣር ሦስት መሆን አለበት፣ ሴረኞቹ ይቆጥሩታልና። ለአደጋ ጥሪ ሥርዓቱን አፍርሳችሁ በፍጥነት ምቱ።

የማክቤዝ በር ኳኳታ ብዙዎች የሚያቃልሉት፣ እኛ ግን ከነጎድጓዱ እኩል የምናየው ድምፅ ነው። ግድያው ገና ተፈጽሟል፤ እጆቹ ደም ናቸው፤ በር ይንኳኳል። ጠረጴዛ ላይ አትምቱ። ከጀርባው ባዶ ቦታ ያለው እውነተኛ የእንጨት በር ፈልጉና በእንጨት መዶሻ ምቱ። የመጀመሪያው ሩቅና ጥርጥር ያለበት፣ ከዚያ እያደር የሚጠነክር ይሁን። በር ጠባቂው ለኳኳታው መልስ ስለሚሰጥ አንኳኪው ንግግሩን በቃሉ ማወቅ አለበት።

መለከት ቋንቋ ነበረው። ትርኢቱ ከመጀመሩ በፊት ሦስት ጊዜ ይነፋል። ንጉሥ ሲገባ አጭርና ደማቅ፣ ለሰልፍ ረዘም ያለ፣ መልእክተኛ ሲመጣ ለየት ያለ ምልክት ነበር። ለየአንዳንዱ አንድ ዜማ ወስኑና እስከ መጨረሻው አትለውጡ። የሼክስፒር ቡድን የሆነው የንጉሡ ቡድን ከ1609 ገደማ ጀምሮ በብላክፍራየርስ ጣሪያ ባለው ትንሽ አዳራሽ መጫወት ሲጀምር መለከቱን በኮርኔት ተካው፤ ይህ እንጨት ሆኖ በቆዳ የሚለበጥ፣ ድምፁ የለሰለሰ መሣሪያ ነው። ጠባብ ክፍል ውስጥ የምትሠሩ ከሆነ ከእነርሱ ተማሩ።

ለጦርነት ስድስት ሰዎች ይበቃሉ፦ አንድ ከበሮ፣ አንድ መለከት፣ ሁለት በስለት አልባ ሰይፍ የሚያፋጩ፣ ሁለት የሚጮኹ። ርቀቱን በሩ ይሠራዋል። በሩ ተዘግቶ ፊታቸውን ወደ ኋላ ግድግዳ አዙረው ሲጮኹ ጦሩ ሩቅ ነው፤ ወደ በሩ ሲዞሩ ቀረበ፤ በሩ ሲከፈት ደረሰ።

በኋላ ዘመን የመጡት ሦስቱ

የነፋስ መንኮራኩር፣ የዝናብ ሣጥንና የነጎድጓድ ላሜራ የሼክስፒር ዘመን አይደሉም፤ በኋለኞቹ መቶ ዓመታት የእንግሊዝ መድረክ የለመዳቸው ናቸው። ለማዕበል ትዕይንት ግን ማንም አይጠላቸውም።

ለመንኮራኩሩ ከ18 ሚሊ ሜትር ኮምፔንሳቶ 65 ሳንቲ ሜትር ስፋት ያላቸው ሁለት ክቦች ቁረጡ። በዙሪያቸው 50 ሳንቲ ሜትር ርዝመት ያላቸው 18 ዘንጎች (2 በ4 ሳንቲ ሜትር) እኩል አራርቃችሁ ምቱ። መሐሉን በብረት ዘንግ አሳልፉ፣ በኩሽኔታ ላይ አስቀምጡ፣ ማኖቬላ ግጠሙለት። ከላዩ ወፍራም ሸራ ይልበስ፤ አንዱ ጫፍ ከመቆሚያው ጋር ይታሰር፣ በሌላው ጫፍ ለክብደት እንጨት ይንጠልጠል። በዝግታ ሲዞር ይተነፍሳል፤ ሲፈጥን ያፏጫል። የዘንጎቹ ጠርዝ ከተድበለበለ ድምፅ የለም፤ ከሾለ ሸራው ይቀደዳል። አቡጀዲ ቀጭን ነው፤ አትሞክሩት። ኩሽኔታው ግራሶ ካልጠጣ ደግሞ ከነፋሱ ይልቅ ጩኸቱ ይሰማል።

ለዝናብ 1.2 ሜትር ርዝመት ያለው የተዘጋ ጠባብ ሣጥን ውስጥ ሚስማሮችን ከግድግዳ ግድግዳ አሻግራችሁ ምቱና ሁለት ስኒ ደረቅ አተር ጨምሩ። ቀስ ብላችሁ አዘንብሉት። አተሩ ሲበዛ በጅምላ ይወርድና ጠጠር የተደፋ ይመስላል።

ላሜራው 1 በ2 ሜትር ስፋትና 0.7 ሚሊ ሜትር ገደማ ውፍረት ያለው ይሁን። አናቱን በሁለት እንጨት አጣብቃችሁ ስቀሉት፤ ግርጌው ላይ መያዣ ይኑረው። በክንድ ሳይሆን በእጅ አንጓ አናውጡት። የጣሪያ ቆርቆሮ አይሆንም፤ የተመታ ጣሪያ ብቻ ይመስላል። ጠርዙ እጅ ስለሚቆርጥ ጓንት አድርጉ።

ሰሌዳው

በዚያ ዘመን የትዕይንቱ ቅደም ተከተል በወረቀት ተጽፎ፣ በሰሌዳ ላይ ተለጥፎ፣ በመልበሻው ቤት በሚስማር ላይ ይሰቀል ነበር፤ አናታቸው ላይ የመስቀያ ቀዳዳ ያላቸው ጥቂቶቹ ዛሬም አሉ። እናንተም እንዲሁ አድርጉ። በትልቅ ጽሕፈት አምስት ዓምድ ስሩ፦ ትዕይንት፣ ቀድሞ የሚሰማው የመጨረሻ ቃል፣ ድምፁ፣ ቦታው (ላይ፣ ጀርባ፣ ታች)፣ ሠሪው። ከእያንዳንዱ ድምፅ 20 መስመር ያህል ቀደም ብሎ «ተዘጋጅ» የሚል ምልክት ይግባ። በዘመኑ ከተረፉ የእጅ ጽሑፎች አንዳንዶቹ በኅዳጋቸው ላይ እንዲህ ያለ ቀዳሚ ማስጠንቀቂያ አላቸው።

አንድ መስመር ግን አትርሱ፦ ኳሶቹን ወደ አሸንዳው አናት የሚመልሰው ማን ነው፣ መቼስ? 7.26 ኪሎ ብረት በጨለማ ጣሪያ ውስጥ ተሸክሞ መመለስ ጊዜ ይወስዳል፣ ድምፅም አለው። ከትልቅ ነጎድጓድ በኋላ ከበሮው ገና ሲያጉረመርም፣ በእርሱ ተሸፍኖ ይመለስ፤ ይህም በሰሌዳው ላይ ከነሰዓቱና ከነሠሪው ስም ይጻፍ።